የትራቪስን እጅ የያዘው

ካርቶኑን በቢላ የቀደደችው ሼልቢ ነበረች። ክዳኑን ገልጣ ከላይ ያለውን በራሪ ወረቀት ብድግ ስታደርግ የእናቷ ፊት ከፊቷ ድቅን አለ።

እናቷ ዓይኗን ጨፍናለች። አፏ በከፊል ተከፍቷል፤ ልቅሶ ትንፋሹን ያሳጠረው ሰው እንደሚሆነው። ግንባሯን አንድ ሰውዬ ደረት ላይ ጥላለች። ሰውዬው ሌላንድ ስትራውድ ነው፤ የክፍለ ግዛቱ ሴናተር፣ በመጪው ኖቬምበር ለአራተኛ ጊዜ ምረጡኝ የሚል። ነጭ ፀጉሩ ተበጥሮ ተኝቷል። አንድ እጁ የእናቷን ጀርባ አቅፏል፤ ዓይኑ ግን የሚያየው ካሜራውን ነው። ከሥሩ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ «በሐዘናችን ቀን አብሮን የቆመ። ለሆስፒታሎቻችን የታገለ።»

«ምነው? ደነዘዝሽ እኮ» አለች ካሲዲ። ከጋራዡ ሌላኛው ጥግ ወለሉ ላይ ተቀምጣ፣ ከትናንትናው ካርቶን የተረፉትን ወረቀቶች በላስቲክ እያሰረች ነበር።

«ይሄ የትራቪስ ቀብር ዕለት ነው።»

ካሲዲ ተነስታ መጣችና በሼልቢ ትከሻ ላይ አሻግራ አየች። ቶሎ ዓይኗን አነሳች። «ወይኔ። አላየሁትም ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ከማተሚያ ቤት የመጣው።»

«ማነው ያነሳው?»

«እኔ ምን አውቄ? ጋዜጠኛ ይሆናላ።»

«ጋዜጠኛ አልነበረም።»

«እንግዲያው ከሱ ጋር የመጣ ሰው ይሆናል። ባክሽ ሼል፣ አታካብጂው። ደግሞ እይው እስቲ፣ መጥፎ ነገር የለውም እኮ። እናትሽ… ልብ ትነካለች።»

ሼልቢ ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። የምታየው የፎቶውን ጠርዝ ነበር። በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች የወረደች ጠባብ ግራጫ ቆርቆሮ ትታያለች። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማድ ቤት፣ ምግብ የሚቀበሉበት መስኮት መዝጊያ ናት፤ ወደ ላይ የምትጠቀለል። ፎቶው የተነሳው ከማድ ቤቱ ውስጥ ነው። ወንድሟ በተቀበረበት በዚያ ቀን ማድ ቤት ውስጥ ሆና ሳንድዊች በመስኮቱ ስታቀብል የዋለችው ደግሞ ካሲዲ ነበረች። ሼልቢ በደንብ ታስታውሳለች፤ ካሲዲ በየመሃሉ እየወጣች የሼልቢን እጅ ጨብጣ ትመለስ ነበር፤ የራሷም ዓይን አብጦ ነበር።

ወረቀቱን አጥፋ ጃኬቷ ውስጥ ከተተችው። «እቤት ሥራ አለብኝ» አለች።

«አሁን? ገና አልጨረስንም እኮ። አባዬ እስከ ማታ እንዲያልቅ ነው ያለው።»

«ንገሪው፣ አሞኛል።»

የካሲዲ አባት ሪክ ቦውማን ነው። በዚያች ከተማ ትራክተር የሚሸጠውና የሚጠግነው ብቸኛ መደብር የእሱ ነው፤ በወረዳው የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀመንበርም ነው። የሼልቢ አባት ዳሬል የሚሠራው እሱ ዘንድ ነው፣ መካኒክ ሆኖ። ስለዚህ ሼልቢ ከትምህርት ቤት መልስ የቦውማኖች ጋራዥ ውስጥ የስትራውድን ወረቀት ስታስር መክረሟን ማንም እንደ ፖለቲካ አልቆጠረውም። ጓደኛዋን ማገዝ ነው። በዚያ አገር ስንዴ መዝራትና ለዚያ ፓርቲ ድምፅ መስጠት ከአያት ቅድመ አያት የወረዱ ነገሮች ናቸው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ሼልቢ ግን ለምን ብላ ጠይቃ ነበር፣ አንድ ጊዜ። ባለፈው የትምህርት ዓመት የሥነ ዜጋ መምህርቷ፣ ወይዘሪት ኦልቬራ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ጉዳይ መርጦ የራሱ ተወካይ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ ፈልጎ እንዲመጣ አዘዘች። የወረዳው ሆስፒታል በዚያው ክረምት ተዘግቶ ስለነበር ሼልቢ ሆስፒታልን መረጠች። ያገኘችው ነገር ቀላል ነበር። ለድሆች የሕክምና መድን የሚሆን ገንዘብ ነበር፤ አብዛኛውን የዋሽንግተኑ ፌዴራል መንግሥት ሊከፍል፣ ክፍለ ግዛቱ ጥቂት ጨምሮ እንዲቀበል ብቻ የሚጠበቅበት። እንደ እነሱ ያሉ የገጠር ሆስፒታሎች ተስፋ ያደረጉት ይህንን ነበር። ጉዳዩ ሦስት ጊዜ ለውሳኔ ቀረበ። ስትራውድ ሦስቱንም ጊዜ እምቢ አለ። «ነፃ ገንዘብ ሰው ያሰንፋል» ብሎ የተናገረው በቪዲዮ አለ። እሱና ቤተሰቡ የሚታከሙት በመንግሥት መድን መሆኑም ሌላ ቦታ ተጽፎ አገኘችው።

ይህን በክፍል ውስጥ አንብባ ሳትጨርስ ወላጆች ደወሉ፣ ርዕሰ መምህሩም ወይዘሪት ኦልቬራን ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ እንዳታስተምር አስጠነቀቃት። ከዚያ ወዲያ ሼልቢ ስለ ሆስፒታሉ ትንፍሽ አላለችም።

በጋው ገባ። ስንዴው ለአጨዳ በደረሰበት ሳምንት ትራክተሩ በወንድሟ በትራቪስ ላይ ተገለበጠ። አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ድሮ ቢሆን ሆስፒታሉ ከማሳቸው በመኪና አንድ ዘፈን እስኪያልቅ የሚደረስበት ነበር። አሁን ግን አምቡላንሱ ወደ ሌላ ወረዳ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ መንዳት ነበረበት። አልደረሰም።

ከጋራዡ ወጥታ ቤት ስትደርስ፣ አባቷን ከቤቱ ጀርባ፣ ከውጭው ቧንቧ ሥር የእጁን ግራሶ በአሸዋማ ሳሙና ሲፈገፍግ አገኘችው። ወረቀቱን ዘርግታ ያዘችለት።

«አባዬ፣ ይሄን አይተኸዋል?»

አየው። እጁን ማጠቡን ቀጠለ፤ ንጹሕ የሆነውንም ደግሞ አጠበው።

«ሪክ አስፈቅዶኛል» አለ በመጨረሻ።

«እማዬንስ?»

ቧንቧውን ዘጋ። ፎጣው ትከሻው ላይ እያለ ፎጣ የሚፈልግ መሰለ።

«እናትሽን ተያት። ሰኞ በፖስታ ይመጣል። አንቺ ከሷ ቀድመሽ ነው የምትገቢው፣ ከሳጥኑ አውጪና ጣይው። ማየት የለባትም።»

«ከተማው ሁሉ ሊያየው ነው እኮ። ሱቅ ስትሄድ፣ ሥራ ስትሄድ። እሷ ብቻ ናት እንዳታይ የምትፈልገው።»

«ሼልቢ።»

«ሰውዬው እኮ ሦስት ጊዜ…»

«ፖለቲካ አታውሪብኝ።»

«ፖለቲካ አይደለም አባዬ። ትራቪስ ነው።»

አባቷ የውሃ ቧንቧው አጠገብ ካለችው ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው በር የሚሞላ፤ ከበጋው ወዲህ ግን ልብሱ ሰፍቶት ነበር።

«ቀብሩ ላይ መጥቷል» አለ። «ከዋና ከተማው ድረስ ነድቶ መጥቷል። ያቺ ከሱ ጋር የምትወዳደረው የእንስሳት ሐኪም መጥታለች? አልመጣችም።»

«ካሜራ ይዛ መምጣት ነውር መስሏት ይሆናል።»

እንደዚህ ብላ መልሳለት አታውቅም ነበር። ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። አልተቆጣም።

«ስሚኝ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሱ ነው ድምፅ የሰጠሁት። ስሙን አጥራችን ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ትራቪስም ዘንድሮ በፓርቲው ቅድመ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመርጥ ምን ላድርግ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እንደ አባትህ አድርግ ነው ያልኩት። አሁን አንቺ ሆስፒታሉን ያዘጋው እሱ ነው ብለሽ ልታሳምኚኝ ትፈልጊያለሽ። እሺ፣ እሱ ነው እንበል። እሱንስ እዚያ ያስቀመጠው ማነው? እስቲ ንገሪኝ።»

 አባቷ የጠየቀውን ጥያቄ ያሰበው ዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ለሼልቢ ገባት። በየሌሊቱ ሲያገላብጠው የከረመ ነገር ነው። ስትራውድ ጥሩ ሰው ሆኖ መቆየት ነበረበት፤ ያለዚያ አባቷ ማታ ማታ መተኛት አይችልም።

ቅዳሜ ጠዋት በእሳት አደጋ ጣቢያው የፓንኬክ ቁርስ ነበር። በየዓመቱ የሚደረግ ነው፤ መኪኖቹን ወደ ውጭ ያስወጡና በቦታቸው ረጃጅም ጠረጴዛ ይደረድራሉ። እሳት አጥፊዎቹ ሁሉም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዳሬልም አንዱ ስለሆነ ሽርጥ አስሮ ምጣዱ ላይ ቆሟል። ሼልቢ የቡና ማንቆርቆሪያ ይዛ በጠረጴዛዎቹ መሃል ትዞራለች። እናቷ ኖሪን አልነበረችም፤ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ተራዋን ቅዳሜ ላይ ጥሎባት ሥራ ገብታለች።

ካሲዲ ሽሮፕ እያደለች ከሩቅ አየቻትና እጇን አውለበለበች። ሼልቢ ማንቆርቆሪያዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች እንጂ አልመለሰችላትም።

ስትራውድ ከሪክ ጋር ሲገባ ሰው ሁሉ ወንበሩን አዞረ። ጂንስና አዲስ ቡት ለብሷል፣ ጭቃ የነካው የማይመስል ቡት። እየጨበጠ፣ ትከሻ እየመታ፣ ሽማግሌዎችን በስማቸው እየጠራ ዞረ። ከዚያ ሪክ ማይክ ሰጠው።

መጀመሪያ ስለ ግብር ተናገረ። ከዚያ ስለ ከተማ ሰዎች፤ እኛን ገበሬዎችን ይንቁናል አለ። እሱ ራሱ ግን ከተማ መኖር ከጀመረ ዘመን አልፎታል። ከዚያ ስለ ድንበር ተናገረ፤ ድንበሩ ከዚያ ጣቢያ የሁለት ቀን መንገድ ነው፣ ሆኖም ጭብጨባው የሞቀው እዚህ ላይ ነበር። «ሆስፒታላችሁን ማን ነው የዘጋው?» አለ። «ዋሽንግተን ያሉት ግራ ዘመሞች ናቸው። ገንዘባችሁን ላልሠሩበት ሰዎች እየበተኑ፣ ለናንተ ሲሆን ካዝናው ባዶ ነው ይሏችኋል።»

ሼልቢ ቆማ ሰማች። ውሸቱ እንዲህ አፉ ላይ እንደ ማር መለሳለሱ ገረማት። የምታውቃቸው ሰዎች፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ ጥርስ ስታበቅል ያዩዋት ሰዎች በእሺታ ጭንቅላታቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ከዚያ ድምፁን አለሰለሰ። «በዚህ በጋ» አለ፣ «ከናንተ ልጆች አንዱን አጣን። ትራቪስ ድሬሰርን። የዚያን ቀን ስልክ ሲደወልልኝ ሁሉን ጥዬ ነው የሮጥኩት። ሆስፒታል ደረስኩ። አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ፣ የዚያን ልጅ እጅ ያዝኩ፣ አብረን ጸለይን። የመጨረሻ ትንፋሹን ሲተነፍስ እጁ በእጄ ውስጥ ነበር። እኔ ሰኞ ሰኞ ምክር ቤት ስገባ ያን እጅ ይዤ ነው የምገባው።»

አንዳንድ ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ሼልቢ ወደ ምጣዱ ዞረች። አባቷ መገልበጫውን እንደያዘ ቀርቷል። ፓንኬኩ ከሥሩ ይጨስ ነበር። ከሱ ሁለት ወንበር ራቅ ብላ ሉአን ተቀምጣለች፤ የአምቡላንሷ ሾፌር፣ ያን ቀን የነዳችው። ዓይኗን ሳህኗ ላይ ተክላለች።

በአምቡላንሱ ውስጥ የነበሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ስትራውድ ሲናገር ሁለቱም ሰሙት። ሁለቱም አፋቸው ውስጥ ውሃ ያለ ይመስል ዝም አሉ።

ጭብጨባው ሲያልቅ ስትራውድ ማይኩን ለሪክ ሊመልስ ዞረ። ሼልቢ ከፊቱ ቆማ ነበር። እንዴት እዚያ እንደደረሰች ኋላም አላስታወሰችውም።

«ትራቪስ ሆስፒታል አልደረሰም» አለች። ጮክ አላለችም፤ ማይኩ ግን በመካከላቸው ስለነበር ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«ይቅርታ፣ የኔ ልጅ?»

«መንገድ ላይ ነው የሞተው። አምቡላንስ ውስጥ። እርስዎ አልነበሩም። እጁን የያዘው አባቴ ነው።»

ሰውዬው ለአፍታ ብቻ ነው የደነገጠው። ከዚያ ፊቱ ላይ ያው የቀብሩ ዕለት ፊት መጣ። እጁን ትከሻዋ ላይ አደረገ።

«እህቱ ነሽ አይደል? አወቅኩሽ። የኔ ልጅ፣ ሐዘን ትዝታን ያምታታል። ሁላችንም ላይ ይደርሳል። እንጸልይላታለን፣ አይደለም እንዴ?» አለና ወደ ሰው ዞረ። ሰዎች አጎነበሱ። አንድ ሰው ከኋላ «ማነው የላካት?» ሲል ተሰማ፤ ሌላው ደግሞ «ያቺ ሜክሲኮዋ አስተማሪ ናታ» አለው። ወይዘሪት ኦልቬራ የተወለደችው እዚያው ከተማ ነው፣ አሁን በተዘጋው ሆስፒታል።

«አባዬ» አለች ሼልቢ።

ቤቱ በሙሉ ወደ ዳሬል ዞረ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ልክ ናት ቢል ይበቃ ነበር።

«ዳሬል» አለ ሪክ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ልጅቷ ደክሟታል። ቤት ብትወስዳት ይሻላል።»

አባቷ ሽርጡን ፈታ፣ አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ነይ» አላት።

መኪና ማቆሚያው ላይ ካሲዲ እየሮጠች ደረሰችባቸው። ዳሬል ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«ሼል፣ ቆይ» አለች ካሲዲ፣ እያለከለከች። «እኔ ነኝ። ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ እሺ? አባዬ ፎቶ አንሺ ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ሳያት አለቀስኩ እኮ፣ እያለቀስኩ ነው ያነሳሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ሐሙስ ዕለት ነው ያወቅኩት። አንቺ እስክትነግሪኝ እየጠበቅኩ ነበር።»

ካሲዲ ከንፈሯን ነከሰች። «ስሚ። ሰው ቪዲዮ ቀርጿል። አባዬ ተናዷል፣ እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ዝም ብለሽ ተምታቶብኝ ነው ብትይ ያልፋል። ማንም አይፈርድብሽም እኮ፣ ወንድምሽ ነው የሞተው። ያለዚያ አባትሽ…» ወደ ፒክአፑ አየችና አቆመች።

«አባቴ ምን?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«አንቺ እዚያ ነበርሽ» አለች ሼልቢ። «ትራቪስ የሞተ ቀን እኛ ቤት ነበርሽ። አባቴ ሸሚዙ እንደጨቀየ ሲመለስ ጫማውን ያወለቅሽለት አንቺ ነሽ። ትራቪስ የት እንደሞተ ታውቂያለሽ። አሁን ገብተሽ ተናገሪ።»

ካሲዲ ወደ ጣቢያው በር ዞር ብላ አየች። አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፣ እጆቹን ኪሱ ከቶ።  ከዚያ ቀስ ብላ ወደ እሱ ተመለሰች።

ዳሬል ፒክአፑን ወደ ቤት ነዳ።  የታጨደው ማሳ በግራም በቀኝም ራቁቱን ተኝቷል። አንዴ ብቻ፣ ወደ ቤታቸው ሲታጠፉ፣ አባቷ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ሪክ የደወለው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሼልቢ ከደረጃው ላይ ሆና የአባቷን ወገን ብቻ ሰማች። «አዎ… አይቻለሁ… ልጅ ናት እኮ ሪክ… ሬዲዮ ላይ? እኔ ራሴ? ተምታቶባት ነው ልበል?… አይ፣ ስለ ሥራዬ እንደማታወራ አውቃለሁ… እስከ አመሻሽ ስጠኝ።»

እናቷ ከሥራ ስትመለስ የደንብ ልብሷን ሳትቀይር ማድ ቤት ገባች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ሰቀለች። ሁለቱንም አየቻቸው።

«ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ሳልፍ ዝም ይላል» አለች። «ስልካቸውን ይገለብጣሉ። ከአረጋውያኑ ወይዘሮ ፌልተን ብቻ ናት እጄን ይዛ ‹አይዞሽ› ያለችኝ፤ እሷ ደግሞ ለሁሉም ሰው ነው አይዞሽ የምትለው። ምንድነው የሆነው?»

«ምንም» አለ ዳሬል። «ቁርሱ ላይ ትንሽ ነገር ነበር። አልፏል።»

እናቷ ወደ ሼልቢ ዞረች።

ሼልቢ አባቷን አየችው። እባክሽ የሚል ዓይን ነበር። ሰኞ ፖስታ ሳጥኑን ባዶ ማድረግ ይቻላል። ስልኮችን ሁሉ፣ የሰውን ሁሉ አፍ ግን ባዶ ማድረግ አይቻልም። እናቷ በፊቷ ፎቶ የተሠራውን ነገር ሱቅ ወረፋ ላይ ከምትሰማው ከልጇ ብትሰማ ይሻላል።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ» አለች።

ከጋራዡ ጀመረች። ወረቀቱን ከጃኬቷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። እናቷ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አልነካችውም።

«ማን እንዳቀፈኝ እንኳ አላየሁም ነበር» አለች። «ያን ቀን የማየው ነገር አልነበረም። ሰው መስሎኝ ነው የተደገፍኩት።»

ሼልቢ ቀጠለች። ስለ ንግግሩ ነገረቻት፣ ስለ ሆስፒታሉ አልጋ፣ ስለ እጁ። እዚህ ላይ ስትደርስ ከጠረጴዛው ማዶ አባቷ ተናገረ።

«ውሸት ነው» አለ። «እኔ ነኝ የያዝኩት። ከድልድዩ አለፍ ብለን ነበር። ሉአን እየነዳች ታለቅስ ነበር። እጁ ይሞቅ ነበር፣ ኖሪን፤ ከሞተ በኋላም ይሞቅ ነበር። እስክንቆም ድረስ አለቀቅኩትም።»

ከበጋ ወዲህ ይህን ተናግሮ አያውቅም። ሼልቢ እናቷ ተነስታ የምታቅፈው መሰላት። እናቷ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም።

«ለኔ ምን ይሠራልኛል ዳሬል?» አለች፣ ቀስ ብላ። «እኔ አውቃለሁ። እዚያ ነበር መናገር። ልጄን ብቻዋን አቁመሃት፣ ሰውዬው እብድ አስመስሏት፣ አንተ ፓንኬክ ትገለብጣለህ?»

ዳሬል ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ መንዘር ጀመረ። መስታወቱ ላይ «ሪክ» የሚል ስም በራ። ሦስቱም አዩት። ዳሬል እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ፣ ከአጠገቡ ሲደርስ ግን መዳፉ እንጨቱ ላይ ተኝቶ ቀረ፤ ወደፊትም ወደኋላም አላለም።

«ምን ልትለው ነው?» አለች ኖሪን።

 እንደማይመልስላት ለሼልቢ ገባት፤ ዛሬ አይመልስም፣ ምናልባት ነገም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እንደዚያው ነው የኖረው፣ ከተማው ሁሉ እንደዚያው ነው የኖረው። ሰኞ ጠዋት መደብሩ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለች። ትምህርት ቤት ውስጥ እሷን ምን እንደሚጠብቃት፣ ምሳ ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደማትቀመጥም ታውቃለች።

ስልኩን አነሳችው። አባቷ አያት፤ አልቀማትም።

«ዳሬል፣ እንግዲህ የሬዲዮ ሰዎቹ እየጠበቁ ነው» አለ የሪክ ድምፅ። «አጭር ነገር ነው፣ እኔ እነግርሃለሁ ምን እንደምትል።»

«ሼልቢ ነኝ፣ አቶ ቦውማን» አለች። «አልተምታታብኝም።»

ከወዲያኛው ጫፍ ትንፋሽ ብቻ ተሰማ። ሼልቢ ስልኩን አልዘጋችውም። ጆሮዋ ላይ እንደያዘች፣ የሚለውን ልትሰማ ቆመች።